የተከሰሰው ዓሣ

መጀመሪያ የተከሰሰው ዓሣው ነው።

ረመዳን ነበር። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ባለችው ቤታችን ለማፍጠር ተቀምጠናል። እኔ በተምር ጀምሬ፣ አማቴ እቴቴ ሙኒራ በማር የበጠበጡትን አብሽ አንድ ብርጭቆ ጨልጬ፣ ባሌ ኢድሪስ የዚያን ዕለት ከጣና ያወጣውን ቆሮሶ ዓሣ በእንጀራ መጠቅለል ያዝሁ። ገና ሁለተኛውን ጉርሻ ሳልውጥ ከንፈሬን አሳከከኝ። ቀጥሎ አንገቴን። ቀጥሎማ የቱን ብዬ ልንገራችሁ፣ ሳማ ውስጥ የተንከባለለ ሰው መሰልሁ። ኢድሪስ ፋኖሱን ወደ ፊቴ አቀረበና ምንም ሳይል መልሶ አራቀው። የፈራሁት ያኔ ነው። ባሌ ቀልደኛ ነው፤ ከተጋባን ጀምሮ ቃል ሲያጥረው አይቼ አላውቅም።

እቴቴ ሙኒራ ፊቴን አዩ፣ ሳህኑን አዩ፣ ፈረዱ። «ዓሣው ነው» አሉ፤ ይግባኝ የለም። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። አንዷ፣ ዓሣ ለነፍሰ ጡር አይስማማም አለች። ሌላዋ፣ ኢድሪስ ቢስሚላህ ሳይል ያወጣው ዓሣ ነው አለች። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የምትሠራው ጎረቤቴ የሺመቤት ደግሞ፣ «የዓሣ አጥማጅ ሚስት ዓሣ ካሳከካት፣ የነጋዴ ሚስት ብር ሊያሳክካት ነዋ» ብላ አሳቀችን። እኔም ሳቅሁ። እብጠቱ ጠፍቶልኝ ስለ ነበር መሳቅ ቀላል ነበር።

ዓሣ ተውሁ። ለሌላ ሰው ዓሣ መተው ቀላል ነው፤ የእኛ ቤት ግን ግድግዳው ሳይቀር ዓሣ ዓሣ ይላል። ኢድሪስ ከጀልባው ሲወርድ በሳሙና ይታጠባል፣ ልብሱን ደጅ ይሰቅላል፣ ከዚያ እንደ እንግዳ አንኳኩቶ ይገባል። ሳሙና በቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን የምንወስድበት ዘመን ነበርና የወሩ ድርሻችን በአንድ ሳምንት አለቀ። እቴቴ ድስቱን ሁሉ በአመድ ፈተጉት፤ አሮጌውን ማማሰያ ጥለው አዲስ አስጠረቡ። ምስኪኑ ባሌ ቀኑን ሙሉ ለፍቶ የያዘውን ዓሣ እቤቱ ሳያስገባ ሸጦ፣ ማታ ከእኔ ጋር ሽሮ ይበላል። አንድም ቀን ቅር አለኝ አላለም።

ከዒድ በኋላ፣ እቴቴ አዲስ ያስፈጩትን ሽሮ ምሳ ላይ በላሁና አሳከከኝ። ያው ከንፈሬ ነው። ትንሽ ቆይቶ ሆዴን ቆረጠኝ። እቴቴ ሮጠው አብሽ በጠበጡልኝ። እሳቸው ዘንድ አብሽ የማያድነው በሽታ የለም፤ ለሆድ እሱ፣ ለደረት እሱ፣ ለወገብ እሱ፣ ለአራስማ ከእናትም በላይ ነው። ጠጣሁት። ብዙም ሳይቆይ ሕመሙ መጣሁ አለ። የበላሁት ሁሉ ተመለሰ፣ ፊቴ ተነፋ፣ ደረቴ ሲር ሲር ማለት ጀመረ።

«አይዞሽ ልጄ» አሉኝ እቴቴ ጀርባዬን እያሹ። «ሕመሙን እየገፋ እያወጣው ነው። እየወጣልሽ ነው። ውስጥ ቢቀር ነበር ክፉ።»

ትንፋሼ እየጠበበ «እየወጣልኝ ነው» ብዬ አመንሁ። የፈራ ሰው የነገሩትን ሁሉ ያምናል።

እዚህ ላይ እቴቴ ሙኒራን ክፉ አማት አድርጋችሁ እንዳትስሉብኝ። ራህመት የምትባል ሴት ልጅ ነበረቻቸው፣ የኢድሪስ ታላቅ። ዋንዛዬ በኩል ተድራ፣ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ አራስ ቤት ሳለች ሞተችባቸው። ሕፃኑም አልተረፈም። «እኔ ስደርስ አጥንቷ ብቻ ነበር» ይሉኛል ነገሩ ትዝ ባላቸው ቁጥር። «ከሲታ ሆና ነው የወለደችው። ያለኝን ሁሉ ይዤ ሄጄ በእጄ አበላኋት፤ ዘገየሁ እንጂ።» ከዚያ ወዲያ በእሳቸው ዓይን ከሲታ ነፍሰ ጡር ማለት ከፈን የተቆረጠላት ሴት ናት። እኔ ደግሞ ካነሳሁት ጉርሻ ግማሹን ወደ ሳህኑ ስለምመልስ በየቀኑ እከሳለሁ። እኔ ምግቡን ስፈራ እሳቸው ቅጥነቴን ይፈራሉ፤ እሳቸው ቅጥነቴን ሲፈሩ ምግቡን ያበዙብኛል። እንዲህ ሆነን ሁለት ፈሪዎች በአንድ ማዕድ ዙሪያ ተፋጠጥን።

ሆስፒታል ጎትታ የወሰደችኝ የሺመቤት ናት። ያየኝ ሐኪም ዶክተር አለበል ይባላል፤ ገና ወጣት ነው፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ። የሆነውን ሁሉ አስወራኝ።

«ሽሮው ዓሣ ከተውሽ በኋላ ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ዓሣው ብቻ አይደለም። ምናልባትም ዓሣው ጭራሽ የለበትም።» እጁን አገጩ ላይ አድርጎ አሰበ። «አለርጂ ይባላል። ሰውነት ምንም ያልበደለውን ነገር ጠላቴ ነው ብሎ ሲነሣበት ነው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ዘመኑ አንድ ነገር ያጉረመረመ መሰለኝ። እንዲህ ያለውን ነገር ያልሰማ ይሻለዋልና አላጣራሁትም።

«ይገድላል?» አልሁት።

ሐኪም ቶሎ ካልመለሰ መልሱ ገብቷችኋል ማለት ነው። «ስሚ» አለኝ። «ቆዳሽን ብቻ ቢሆን እዚሁ እናስታግሰው ነበር። የሚያስቆጣሽ ነገር ቢታወቅም ትተሽው ትኖሪ ነበር። አንቺን ግን ትንፋሽሽን ነካ፣ አስመለሰሽ፣ ከመጀመሪያው ሁለተኛው ባሰ፣ ምንነቱም አልታወቀም። በዚያ ላይ ነፍሰ ጡር ነሽ። ከዚህ ሁሉ አንዱም ይበቃ ነበር። አዲስ አበባ የዚህ ስፔሻሊስት አለ፤ ወረቀት እጽፍልሻለሁ።»

«መቼ ልሂድ?»

«ሳይደገምሽ።»

ወረቀቱን ይዤ ተመለስሁና ትራሴ ሥር አስገባሁት። «ሳይደገምሽ» የሚሉት ቀጠሮ የቱ ቀን ነው? ደኅና ስሆን፣ በደኅና ጊዜ አዲስ አበባ መሄድ ቅብጠት ይመስለኛል። ሲያመኝ ደግሞ እንኳን አዲስ አበባ፣ ጓሮም መድረስ አልችልም። እቴቴ፣ «ነፍሰ ጡር ይዞ የአባይን በረሃ? መንገድ ላይ ብትወልድስ?» ብለው አለቀሱ። ኢድሪስ፣ «አንቺ ያልሽው ይሁን» አለ። ወንዶች ሲፈሩ ሥልጣኑን ለሴት ያስረክባሉ። ሥልጣኑን ተረክቤ ትራሴ ላይ ተኛሁበት፤ ቀኑም እንዲሁ እያለ አለፈ።

ከዚያ ያ ረፋድ መጣ። እቴቴ ገበያ ሲሄዱ፣ ቁርስ እንቢ በማለቴ አዝነው፣ አንድ ብርጭቆ አብሽ ከድነው አስቀመጡልኝ። «ምግቡ ቢቀር ይቺን ጠጪልኝ» አሉ። ደስ ይበላቸው ብዬ ጠጣሁትና ልብስ ላጥብ ሐይቁ ዳር ወረድሁ። ኢድሪስ ጀልባው ላይ ተቀምጦ መረብ ይጠግናል። ቅርብ ነው፤ ጀርባው ላይ የጣፍሁለት እራፊ እንኳ ይታየኛል።

መዳፌን አሳከከኝ። የሳሙናው ነው አልሁ። ከዚያ ጉሮሮዬ ውስጥ አንድ ነገር ቀስ እያለ ተዘጋ። መሬት አልነካም ያለ እግር ይመስል ትንፋሼ መቆሚያ አጣ። «ኢድሪስ» አልሁ። አልወጣም። አፌ ተከፍቷል፣ ምላሴ ተነቃንቋል፣ ድምፅ ግን የለም። ደግሜ ጮህሁ፤ ራሴ እንኳ አልሰማሁትም። በሕይወቴ እንዲያ ፈርቼ አላውቅም። ባሌ እዚያ፣ እኔ እዚህ፣ በመካከላችን የተኛ ውኃ፤ እሱ እያፏጨ እኔ ልሞት ነው።

ጠጠር አንስቼ ወረወርሁ። ጀልባው ጋ ሳይደርስ ውኃው ላይ ወደቀ። ኢድሪስ ዘወር ሳይል የተንቦጫረቀበትን ቦታ በዓይኑ ጠረግ አደረገና ፈገግ አለ። ዓሣ የዘለለ መስሎት ነው። ሌላ ወረወርሁ። እሱንም ዓሣ አደረገው። በጉልበቴ ወደቅሁ፤ ልጄ ሆዴ ውስጥ ተገላበጠ። ከዚያ የጠጣሁት ሁሉ ሽቅብ መጣና ውኃው ላይ አስመለስሁ። በዚያ ሰበብ ይሁን በሌላ አላውቅም፣ ጉሮሮዬ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ተከፈተ። የማስመለሴን ድምፅ ሰምቶ ነው ኢድሪስ ዞሮ ያየኝ።

ልብሱን እንደ ለበሰ ውኃው ውስጥ ዘሎ መጣ። ደረቱ ላይ አስደግፎኝ፣ ትንፋሼ እስኪመለስ ሱረቱል ፋቲሐን ይቀራል፤ ግማሹን ሲረሳው ከመጀመሪያው ይጀምራል። ድምፄ ሲመለስ የተናገርሁት አንድ ቃል ነው።

«እሄዳለሁ።»

ያን ጊዜ ከከተማ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አምባቸው የሐኪሙን ጽሑፍ አገላብጦ፣ «ዓሣ ባሳከከሽ አዲስ አበባ? አብዮታዊት እናት እንዲህ ትንቦቀቦቃለች?» አለኝ። ሆዴን ጠረጴዛው ላይ አሳርፌ፣ «ጓድ፣ እዚሁ ቢሮዎ ብወድቅ የሚቀብሩኝ እርስዎ ነዎት» አልሁት። ማኅተሙን መታ። ፍርሃት እንደዚህ ያለ ምላስ እንዳለው አላውቅም ነበር።

ዶክተር አለበል ትንንሽ የአድሬናሊን ብልቃጦችና የመስታወት መርፌ ሰጠን። «መንገድ ላይ ትንፋሿ ከጠበበ ጭኗ ላይ ትወጋለህ፤ አትጠብቅ» ብሎ ኢድሪስን አስተማረው። ባሌ ሰው ወግቶ አያውቅም። ስለዚህ በመንገዱ ዋዜማ ጀልባው ላይ ቁጭ ብሎ መርፌው ውስጥ ውኃ እየሞላ የሚወጋው ቆሮሶ ነበር። አንዱን ወግቶ ሌላውን ያነሣል። ሲወጋ ከንፈሩን ይነክሳል፣ ዓሣውን አፉ በለኝ ይለዋል። እያየሁት መሳቅ ፈልጌ ለቅሶ መጣብኝ።

እቴቴ ሙኒራ ጉዞውን ማስቀረት ሲያቅታቸው ፍቅራቸውን ስንቅ አደረጉት። የገብስ በሶ በተነጠረ ቅቤ አሹ። ሆዴን እንዲያጸናልኝ ብለውም የተፈጨ አብሽ ሁለት እፍኝ ጨመሩበት። «የሆቴል ምግብ እንዳትነኪ» አሉ አውቶቡሱ ደጃፍ ላይ። «ምን ነካክተው እንደሚሠሩት አይታወቅም። ይሄ የእጄ ነው፤ ይሄን ብቻ ብዪ።»

ደብረ ማርቆስ አደርን። ዳቦና ሻይ ብቻ ቀመስሁ። በማግስቱ አውቶቡሱ ከደጀን ቁልቁል ወደ አባይ መጠማዘዝ ሲጀምር ሙቀቱ ከበደኝ፣ ረኃብም አዞረኝ። ስንቁን ፈታሁት። የቤቴ ምግብ ነው፣ ዓሣ በደረሰበት አልደረሰም፣ እቴቴ ቢስሚላህ ብለው ያሹት ነው። አንድ ጉርሻ በላሁ። ጣመኝና ሌላ ደገምሁ።

ገደሉ ወገብ ላይ ስንደርስ ከንፈሬን አሳከከኝ።

«ኢድሪስ።» ይሄኛው ወጣ፤ ቀጣዩ እንደማይወጣ ግን አውቄያለሁ። ዓይኖቼን ሲያይ ገባው። «ሾፌር አቁም!» ብሎ ጮኸ። ሾፌሩም በመስታወቱ አይቶን ፊቱ ዐመድ መሰለ፤ ነገር ግን መንገዱ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ጠመዝማዛ ነው፣ በግራችን ገደል፣ በቀኛችን ገደል፣ የት ያቁም? አውቶቡሱ መውረዱን ቀጠለ። ጆሮዬ ይጮኻል። ሰው ሁሉ ቆሟል፤ አንዱ መስኮት ክፈቱ ይላል፣ አንዱ ውኃ አምጡ ይላል። አንዲት ክር ያሰሩ እናት እግሬን ጭናቸው ላይ አድርገው በማርያም ስም ይማጠኑልኛል። እኔ በልቤ አላህን እለምናለሁ፤ ለራሴ ግን አይደለም፣ ልጄ እዚህ ጨለማ ውስጥ ከእኔ ጋር እንዳይታፈን ነው።

ኢድሪስ የመጀመሪያውን ብልቃጥ ሲሰብር እጁ ውስጥ ደቀቀ። ደም በጣቶቹ መካከል ወረደ። ሁለተኛውን አወጣ። አውቶቡሱ ሲታጠፍ እሱም ታጠፈ፣ መርፌው ብልቃጡን ሳተ፣ እንደገና ሞከረ። የፊቱን ቆዳ ሁሉ አያለሁ፣ ሩቅ ነው፣ እየራቀ ይሄዳል። ከዚያ በቀሚሴ ላይ ጭኔን ወጋኝ። ሲወጋ ከንፈሩን ነከሰ።

መጠበቅ ነው የከፋው። ልቤ እንደ ከበሮ መደለቅ ጀመረ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ሞት እንዲህ ነው እንዴ አልሁ። ሞት አልነበረም። የታች ኩርባዎችን ስናልፍ፣ ዋሻ ውስጥ እንደሚገባ ነፋስ፣ አየር ፉጨት እያሰማ ወደ ደረቴ ገባ። ልጄም ረገጠኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ እርግጫ የለም።

ድልድዩ ላይ ወታደሮች ለፍተሻ ሲገቡ መርፌውንና ደሙን አይተው መሣሪያ አቀባበሉ። አውቶቡሱ ሁሉ አንድ ላይ ተንጫጫባቸው። ተራ ተራ አድርገው ወረቀታችንን አይተው ለቀቁን። ከሁሉ በኋላ ኢድሪስ ወንበሩ ሥር የወደቀውን የበሶ ቋጠሮ ሲያነሣ ቆም አለ።

«ዓሣ አልበላሽም» አለኝ።

«አልበላሁም።»

«ከረመዳን ወዲህ አልበላሽም።» ቋጠሮውን እንደ እባብ በሁለት ጣቱ ይዞ ያለቅሳል። «እኔ ይኸን ሁሉ ጊዜ ራሴን ነበር የምጠላው። ጠረኔን።»

ስፔሻሊስቱ ዶክተር ክንዱ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ብዙ መሣሪያ ይደረድራሉ ብዬ ነበር፤ ጥያቄ ብቻ ነው የደረደሩት።

«በሶው ውስጥ ምን አለ?»

«ገብስ። ቅቤ።»

«ቅቤው ሲነጠር ምን ገባበት?»

ኢድሪስ መለሰ፤ «እናቴ ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ አብሽ ታደርጋለች። ለመንገዱ ደግሞ አብሽ ጨመረችበት።»

«ሽሮውስ ውስጥ?»

«አዲሱ ላይ አብሽ ጨምራበታለች።»

«ዓሣ በበላሽ ቀን ከዓሣው በፊት ምን ቀመስሽ?»

«ተምር። አብሽ በማር።»

«ሐይቁ ዳር ሲያፍንሽስ?»

«ምንም አልበላሁም ዶክተር፤ አብሽ ብቻ…» አልሁና የራሴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ቆመ።

«ሲያምሽ ምን ይሰጡሻል?» አሉኝ፣ አሁን በጣም ቀስ ብለው።

ዞሬ ኢድሪስን አየሁት። መጀመሪያ ያሳከከኝ፣ በየጊዜው እየባሰ ያነቀኝ፣ ሲያንቀኝ ደግሞ መድኃኒት ብለው የሚግቱኝ አንድ ነገር ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ጠጥቼው አድጌ እንዴት ይሆናል ስላቸው፣ ሰውነት አንድ ቀን ሊዞር ይችላል አሉኝ። እርግጡን ለማወቅ ቆዳ ላይ የሚሠራ ምርመራ አለ፤ ነፍሰ ጡር ስለ ሆንሁ ግን አሁን አይነኩኝም። ወልጄ ስጠነክር ልመለስ ነው። እስከዚያ አብሽ የነካው ነገር በአፌ እንዳይዞር። «ዋናው አደጋ» አሉኝ ሲሸኙኝ፣ «አራስ ቤትሽ ነው።»

ልክ ነበሩ። ስንመለስ እቴቴ ሙኒራ ግቢው ውስጥ ሰፌድ ይዘው ተቀምጠዋል። ለአራስነቴ የሚሆን አብሽ ነው የሚነፉት። ኢድሪስ በር ላይ ቀረ። እኔ አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

«እቴቴ፣ ዓሣው አይደለም። አብሽ ነው።»

«ምኑ ነው አብሽ?»

«የሚያመኝ። ሽሮውም፣ በሶውም በእሱ ነው። ያ ሲያመኝ የሚሰጡኝም።»

ሰፌዱን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡ። ይቆጣሉ፣ ሐኪሙን ይረግማሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። እጃቸውን ገልብጠው አዩት፣ ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉት፣ እንደገና አዩት። «አብሽ?» አሉ፤ ለእኔ አልነበረም። ተነሥተው ወደ ሐይቁ ወረዱና እጃቸውን በአሸዋ ሲያሹ ዋሉ።

ከዚያ ቀን በኋላ ቤቱ ውስጥ ያልተፋቀ ዕቃ፣ ያልተደፋ ቅቤ አልቀረም። ስወልድ ደግሞ እቴቴ የአራስ ቤቱ በር ላይ ኬላ ሆኑ። የሰፈሩ ሴቶች በወጉ መሠረት ገንፎ በቅቤ፣ አብሽ በፔርሙዝ ይዘው ሲመጡ፣ «ቅቤሽን ማን አነጠረው? ምን ገባበት? መልሽው!» እያሉ ያባርሯቸዋል። የአባይ ድልድይ ወታደሮች እንኳ እንዲያ አልፈተሹም። ያኮረፈ ጎረቤት በዛብን፤ የሺመቤት ብቻ ባዶ እጇን መጥታ፣ «ለመፈተሽ ነው የመጣሁ» ብላ እጇን ወደ ላይ አንሥታ ገባች። ሴት ልጅ ነበረች የወለድሁት። ራህመት አልናት። እቴቴ ስሟን ሲሰሙ አልሳቁም፣ አላለቀሱም፤ ሕፃኗን ተቀብለው ወደ ግድግዳው ዞረው ቆሙ።

አራስነቴ ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን ከሰዓት፣ ልጄን እያጠቡልኝ እንዲህ አሉኝ።

«ራህመቴ ፊቷ አብጦ ነበር።»

«ማን? ይቺ?»

«ያችኛዋ። ከንፈሯ። ዓይኗ ሥር። ይዤ የሄድሁትን አብሽ ጠዋት ማታ በእጄ አጠጣኋት። ‹እማ አነቀኝ› አለችኝ። እየወጣልሽ ነው አልኋት።» ውኃውን ልጄ ጀርባ ላይ እያፈሰሱ ነው፤ እጃቸው አልቆመም። «ለምርመራ ስትመለሺ ሐኪሙን ጠይቂልኝ።»

እቴቴ በሰፌዱ ቀን እጃቸውን በአሸዋ ያሹት ለእኔ ብቻ እንዳልነበረ ያኔ ገባኝ።

ልጄን አዝዬ አዲስ አበባ ሄድሁ። ዶክተር ክንዱ ክንዴ ላይ ጫር ጫር አድርገው የየቅመሙን ጠብታ አኖሩበት። ሌላው እንዳለ ቀረ፤ የአብሹ ቦታ ዓይኔ እያየ ተነፋ። ለልጄ ምን እንደማደርግ፣ መቼ እንደምሰጋ፣ መቼ ይዣት እንደምሮጥ ነገሩኝ። ከዚያ የእቴቴን ጥያቄ ጠየቅሁ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሊሆን ይችላል» አሉ። «የወሊድ ደም ግፊትም እንዲያ ፊት ያሳብጣል፣ ይገድላልም። የቱ እንደ ነበር ከእንግዲህ የሚያውቅ ሐኪም የለም።»

የመልስ መንገዱን ሁሉ ያቺን «ሊሆን ይችላል» ይዤ ተጓዝሁ። አባይ በረሃ ስንደርስ እንኳ ገደሉን አላየሁም።

እቴቴ ሙኒራ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ልጄን ከጀርባዬ አውርደው ታቀፏት። ስለ ክንዴ አልጠየቁኝም።

«ጠየቅሽልኝ?»

«ጠየቅሁልዎ።»

«ምን አለ?»

«የወሊድ ደም ግፊት ነው አለ። አብሹ የለበትም አለ።»

ዓይኔን አዩት። ሰባ ዓመት የኖረ ሰው ዓይን ማንበብ ያውቃል። ሕፃኗ ጣታቸውን ይዛ ትጠባለች፤ ምንም ያልነካው፣ በአሸዋ የታሸ ጣት።

«ወላሂ በይ» አሉኝ።

የእንጀራ ጉርሻ ፈርቻለሁ፣ የራሴን ጉሮሮ ፈርቻለሁ፣ ገደል ፈርቻለሁ። የዚያን ሰዓት የፈራሁት ግን አላህን ነው። በስሙ በሐሰት መማል ምን እንደሆነ አባቴ ከሕፃንነቴ አስተምሮኛል። ደግሞ እቴቴን አየሁ፤ ትንፋሻቸውን ይዘዋል፣ እኔ ሐይቁ ዳር እንደያዝሁት። ለእሳቸው የሚወጋ መርፌ የለም።

«ወላሂ» አልሁ።

ትንፋሻቸውን ለቀቁት። «በይ ግቢ» አሉኝ፣ «ምግብሽ ቀርቧል።»